የተዋስነው ሶፋ

ሮቤ ውስጥ ዱባይን ሳይረግጡ ዱባይ ፎቶ የተነሱ ሰዎች ስንት እንደሆኑ የማውቀው እኔ ነኝ። ስቱዲዮዬ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ግድግዳው ላይ ሦስት መጋረጃዎች አሉኝ፤ አንዱ ላይ ረጃጅም ፎቆች፣ ሌላው ላይ አውሮፕላን፣ ሦስተኛው ላይ የባሕር ዳርቻና ዘንባባ ታትሞበታል። ገበያ የመጣ ገበሬ ጋቢውን አውልቆ፣ ለዚሁ ብዬ የማስቀምጠውን ኮት ደርቦ ፎቆቹ ሥር ይቆምልኛል። ፊቱን ትንሽ አቀላለሁ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አጠፋለሁ፤ ፎቶውን አይቶ እንደ አዲስ ሰው ራሱን ይተዋወቃል። እንዲህ ስዋሽ ብዙ ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው አንድ ቀን አዲስ አበባ ለዶክመንተሪ ፎቶግራፍ ሥልጠና የተጠራሁት።

የሥልጠናው ርእስ ስደት፣ ቤትና ማንነት የሚል ነበር። ከየቦታው የመጣን አሥር ሰዎች ነበርን። አሰልጣኛችን ጺማም፣ ቀጭን፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ የሚሄድ ሰው ነው። ሕጉን በመጀመሪያው ቀን ነገረን።

"ምንም ነገር አታንቀሳቅሱ። ሰውን ቁም፣ ተቀመጥ፣ ሳቅ አትበሉ። እንዳገኛችሁት አንሱ።"

"ፊት ማቅላትስ?" ብዬ ጠየቅሁት።

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። "ያንን ካደረግሽ ሥራሽ ዶክመንተሪ መሆኑ ቀርቶ የሠርግ አልበም ሆነ" አለኝ። የሠርግ አልበም ደግሞ እንጀራዬ ነው።

እያንዳንዳችን ወደ መጣንበት ተመልሰን፣ ሰው የተሰደደበት አንድ ቤት መርጠን ለሦስት ወር እንድንከታተል ታዘዝን። እኔ ጎባን መረጥኩ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ሮቤ የገባሁት ለሥራ ብዬ ነው። በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ስደት ነው የተሰደድኩት። ጎባዎች ግን ይህንን እንደ ቀልድ አያዩትም። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ሮቤ የስንዴ ማሳ ነበረች ይላሉ፤ ሮቤ ሄዶ የቀረን ሰው ዛሬም ቢሆን የከዳ ያህል ነው የሚያዩት። ለዚህ ነው ካሜራ አንግቼ ስመጣ የቀድሞ ጎረቤቶቼ "አሁን ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?" እያሉ የተቀበሉኝ።

የመረጥኩት ቤት የእናቴ የድሮ ጎረቤት የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ቤት ነው። በዚያ በድሮው ዘመን ከጎባ የወጣ ደብዳቤ ሁሉ በእኚህ ሴትዮ ጣቶች አልፏል። ዛሬም ሲያስቡ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይተይባሉ። ሙስሊም ናቸው፤ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አጣምረው ይናገራሉ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ ትማር ነበር። ጅዳ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያ የሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት "አካም ጂርቱ እማማ" ብዬ ገባሁ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝና ጭኮ አቀረቡልኝ። የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ርሶ ጣት ላይ የሚቀልጥ ነው፤ ሥራዬን ረስቼ ሳህኑን አጋመስኩት። ከዚያ ቤቱን አየሁት። አንድ አልጋ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በኖራ የተለቀለቀ የጭቃ ግድግዳ፣ በመስኮቱ የሚገባ የጧት ብርሃን። አሰልጣኜ ቢያየው ያለቅሳል ብዬ አሰብኩ።

"እማማ፣ የማነሳዎት እንዳሉ ነው" አልኳቸው። "ቤቱም ምኑም ሳይነካ።"

"እንዳለሁ?" ፕላስቲክ ወንበሮቹን አዩዋቸው። "ፎቶውን ማን ነው የሚያየው?"

"አዲስ አበባ ይታያል። ለልጅዎትም እልክላታለሁ።"

ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ አንድ መስመር ያህል ተየቡ። "ለእሷ ከሆነ ዛሬ አይሆንም። ሐሙስ ነይ።"

ሐሙስ ስመጣ ቤቱን አላወቅሁትም። ወንበሮቹ ጠፍተዋል። በቦታቸው ቀይ ባለአበባ ትልቅ ሶፋ ተጎልቷል። ፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን ተቀምጧል፤ ገመዱ የትም አልተሰካም። እማማ አዲስ ሂጃብ ለብሰው ሶፋው መሀል ላይ፣ ደብዳቤ ሊፈርም እንደ ተዘጋጀ አስተዳዳሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"እንዳገኘሁት ነው የማነሳው አላልሽም? ይኸው አገኘሽው።"

ሶፋው ከመንገዱ ማዶ ከሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ቤት የመጣ ነበር። ቴሌቪዥኑም የእሳቸው ነው። ነገሩን ቀስ እያልኩ ጠይቄ ደረስኩበት። ልጅቷ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሶፋ ግዢበት ብላ ገንዘብ ልካላቸዋለች። እማማ ደግሞ የዚያን ክረምት ጣሪያው አልጋቸው ላይ ያፈስ ስለነበር የላከችውን ለቆርቆሮ አዋሉት። ለልጃቸው ግን ሶፋው ገባ ብለው ነገሯት።

"ቆርቆሮ ገዛሁ ቢሏት ትቆጣ ነበር?" አልኳቸው።

"አትቆጣም። ቤቱ ያፈሳል እንዴ ብላ ትጨነቃለች። ከዚያ ደግሞ ግድግዳውስ ትላለች፣ ምግብስ ትላለች። ሶፋ ያለው ሰው ምን ጎደለው ተብሎ አይጠየቅም።"

የራሳቸው የሆነው ትልቅ ዕቃ ፍሪጁ ብቻ ነበር። እሱንም ልጅቷ ናት የገዛችላቸው። ጎባ ላይ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ስለሆነ ከመጣ ጀምሮ አልሰኩትም። ስከፍተው በየመደርደሪያው የተጣጠፈ ሹራብና ብርድ ልብስ አገኘሁ። "አይጥ አይገባበትም" አሉኝ በኩራት።

የዚያን ዕለት የሚፈልጉትን ፎቶ አነሳኋቸው። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የተዘጋው ፍሪጅ፣ ቀጥ ያለችው እናት። ለልጅቷ ላክሁላት። "ማሻአላህ፣ ቤቱ አምሮበታል" ብላ መለሰች። ለአሰልጣኜ ምን እንደምል ግን አላወቅሁም።

መምህሩ ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ስለሚመጣባቸው ሶፋውን መመለስ የግድ ነበር። በቀጣዩ ሐሙስ እኔ ስመጣ ሶፋውም እንደገና መጣ። እንዲህ እያለ በየሳምንቱ መንገድ የሚሻገር ሶፋ ሆነ። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ከፊት፣ መምህሩና ሌላ ጎረቤት ከኋላ ይዘውት፣ በጭቃው መሀል አህያ እያሳለፉ፣ ለሚያውቁት ሰው ሰላምታ ለመስጠት መንገዱ መሀል አስቀምጠውት እየቆሙ ያሻግሩታል። አንድ ጊዜ መምህሩ ደከመኝ ብለው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡበት። የደሎ መና አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ ዞሯቸው አለፈ። ካሜራዬን ያነሳሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ማንሳቱን ተውኩና ሶፋውን መከተል ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሐሙስ እማማ ስልካቸውን ሰጡኝና ልጃቸው የላከቻቸውን ፎቶዎች አሳዩኝ። ሳሎኑ እብነ በረድ ነው፤ መጋረጃው ወርቃማ፤ ሶፋው እንደ መርከብ የሚረዝም። ልጅቷ በአንዱ ላይ ቆማለች፣ በአንዱ ላይ ተቀምጣለች፣ በአንዱ ላይ ደረጃውን ተደግፋለች። እንዲህ ማስመሰል የእኔም ሥራ ነውና ወዲያው ነቃሁ። ከጀርባዋ ያለው መስታወት ውስጥ ባልዲና መወልወያ ይታያል።

"ያምራል አይደል?" አሉኝ።

"በጣም ያምራል።"

"የእሷ አይደለም።" ስልኩን ተቀብለውኝ የተቀመጠችበትን ፎቶ በጣታቸው አሰፉት። "ተመልከቺ። ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው። ልጄ የራሷ ቦታ ሲሆን ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አጥፋ፣ ትራሱን ሁሉ ሰብስባ ነው የምትቀመጠው። እኔ ነኝ ያሳደግኋት።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯትም?"

"ምን ብዬ? እሷ እንዳላዝን ብላ ትዋሸኛለች። እኔ እንዳታዝን ብዬ እዋሻታለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለታችንም ደኅና ነን።"

ከዚያ ደግሞ እኔን መመርመር ያዙ። "ስለ አገርና ስለ ስደት ነው የምሠራው ብለሻል። አንቺስ አገርሽ የት ነው?"

"ጎባ ነዋ።"

"አባትሽ መንዝ ነው የሚሉት።"

ይህንን ጎባ ውስጥ የማያውቀው የለም። አባቴ ጎባ ተወልደው፣ ጎባ አርጅተው፣ አገራቸውን ሲጠየቁ ግን መንዝ ይላሉ፤ አያቴ ከዚያ ስለመጡ ነው። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ሊያዩት ሄዱ። ወር እቀመጣለሁ ብለው የሄዱት ሰውዬ በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ዘመዶቻቸው አማርኛቸውን እየሰሙ ይስቁባቸው ነበር፤ በየመሀሉ አዎ በማለት ፈንታ ሳያውቁት በኦሮምኛ "ኤዬ" እያሉ ይመልሳሉ። "ባሌው መጣ" ብለው ስም አወጡላቸው። ጎባ ሲመለሱ ደግሞ እማማ በር ላይ ጠብቀው "እንዴት ነው መንዜው፣ አገርህ ደኅና ነው?" አሏቸው። አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ መንዝ ማውራቱን ትንሽ ቀነሱ።

አሰልጣኜ ሥራችንን ለማየት በየአገሩ ይዞር ነበር። ሮቤ በአውሮፕላን ገባ፤ ተቀብዬ ወደ ጎባ ወሰድኩት። ቀኑ ሐሙስ መሆኑን እያወቅሁ ነው የወሰድኩት፤ ይህንን ልደብቅ አልችልም። በመንገድ ላይ ስለ እማማ ስነግረው "ባዶውን ወንበር አንስተሻል?" አለኝ። "ልጅቷ የነበረችበትን ቦታ፣ የናፍቆቱን ባዶነት?" ቤቱ ውስጥ ባዶ ወንበር እንደማይገኝ አልነገርኩትም።

ስንደርስ ሶፋው በሩ ላይ ተሰክቶ ቆሟል። ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ባጃጅ ነጂዎቹ የሉም። መምህሩ ከውስጥ ይጎትታሉ፣ እማማ ከውጭ ይገፋሉ። ከተራራው በኩል ዝናብ ጠቁሮ እየመጣ ነበር።

እማማ ዞር ብለው አሰልጣኜን ከጺሙ እስከ ጫማው አዩት። "የኔ ልጅ፣ ና ይኼንን ያዝ።"

"እኔ እንኳን..." ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ዕቃ ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም እማማ" አልኩ።

"የማን ሕግ ነው? ዝናቡ ሊደርስ ነው እኮ።"

አሰልጣኜ ካሜራውን ወደ ጀርባው አዞረና ሶፋውን አነሳ። እማማ ከአጠገቡ ሆነው ያዝዙታል፣ "በዚህ፣ አይደለም በዚያ፣ ከፍ አድርገው።" ሶፋው ተንቀሳቀሰ። እማማ ደስ አላቸውና "ጋሪ፣ ጋሪ" አሉት። በኦሮምኛ ጥሩ ነው፣ ጎበዝ እንደ ማለት ነው። እሱ ኦሮምኛ አያውቅም። ሶፋውን ደረቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጺሙ ላይ ዝናብ እየተንጠባጠበ፣ አንገቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ "ጋሪው የታለ?" አለ። ያኔ ፎቶ አነሳሁት።

በኋላ ራሱን እያደረቀ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "እስካሁን ስታነሺ የከረምሽው ውሸት ነዋ" አለኝ።

"እኔ የነካሁት ዕቃ የለም" አልኩት። "ከሁለታችን ሶፋ ያንቀሳቀስከው አንተ ነህ።"

ፎቶዎቹን ልይ አለና አውቶቡሱን፣ አህያውን፣ መንገድ ዳር የተቀመጡትን መምህር አንድ በአንድ አያቸው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ጋሪ የሚፈልግበትን ፎቶ እንዳላሳይ። እንዳላሳይ ቃል ገባሁለት። ሆኖም ለኤግዚቢሽኑ ሲመረጥ ሌሎቹ ሠልጣኞች ኮምፒዩተሬ ላይ አዩትና ያ ፎቶ ካልተሰቀለ የእኛንም አንሰቅልም አሉ። በምን አጋጣሚ ኮምፒዩተሬ ያኔ ተከፍቶ እንደ ነበረ ዛሬም አላስታውስም።

ኤግዚቢሽኑ በደኅና አለፈ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዘጋጆቹ እኔን ሳይጠይቁ ፎቶዎቹን ፌስቡክ ላይ ለቀቋቸው። በሦስተኛው ቀን እማማ ደወሉልኝ። "ነይ" ብቻ ብለው ዘጉት።

ባገኘሁት ሚኒባስ ሄድኩ። እማማ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ፍሪጁ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ልጅቷ ከስክሪኑ ታየኛለች። ሰላምታ ስሰጥ ልጅቷ ናት የጀመረችው።

"የመምህሩን ሶፋ እኔ የማላውቀው መስሏችሁ ነው?"

"ፌስቡክ ላይ አይተሽው..." ብዬ ጀመርኩ።

"የምን ፌስቡክ? መጀመሪያ የላክሽልኝ ዕለት ነው ያወቅሁት። እጀታው ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ መምህሩ ጋ ሳጠና።"

እማማ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ደስ ብሎሽ ተቀምጠሽ ነበር። ምን ልበልሽ እማዬ?"

እማማ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አቆሙ። "የአንቺስ ሳሎን የማን ነው?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ላየው ተጠጋሁ። "የማዳሜ ነው" አለች ልጅቷ።

"አውቃለሁ" አሉ እማማ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። እማማ ሂጃባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከስልኩ ውስጥም ተመሳሳይ ሳቅ ይሰማል። እኔ በመሀል ቆሜ፣ ካሜራው ትከሻዬ ላይ እያለ፣ ማንሳቱን ረሳሁት። በኋላ ልጅቷ ስልኳን አዞረችና ያለችበትን ክፍል አሳየችን። ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አልጋ፣ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በገመድ ላይ የተሰጣ የአሠሪዎቿ ልጆች ልብስ። መስኮቱ ላይ በወተት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም አለ። እናትየው አጠገቡ እንድትሄድ አዘዟት፤ ቅጠሉን ልብ ብለው አዩት።

"ውሃ አብዝተሽበታል" አሏት።

የሚቀጥለው ወር እማማ ሮቤ ድረስ መጡና ስቱዲዮዬ ገቡ። ልጃቸው ለዑምራ ልትወስዳቸው ነው፤ ፓስፖርት ያስፈልጋቸዋል። እዚሁ ባሌ ወዳለው ሼክ ሁሴን ለዝያራ ደጋግመው ሄደዋል፤ ከዚያ ያለፈ መንገድ ግን አያውቁም። ነጩ ግድግዳ ላይ አቆምኳቸው።

"አይሳቅም እማማ። ሕጉ ነው።"

"እሺ" ብለው ሳቁ። ካሜራውን ባነሳሁ ቁጥር የከንፈራቸው አንድ ጠርዝ ይነሳል። ስለ ሞት እንዲያስቡ ነገርኳቸው፤ ባሰባቸው። ስለ ቢሮ አለቃቸው እንዲያስቡ ስነግራቸው ነው ፊታቸው የረጋው። ያ ፎቶ አልፎ ፓስፖርቱ መጣ።

ሲሄዱ ለልጃቸው ጭኮና የሪራ ማር ያዙላት፤ ማሩን በሦስት ጨርቅ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ሲመለሱ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳቸው። መካ ምን እንደሚመስል ስጠይቃቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረና "እሱ በቃል አይነገርም" አሉኝ። ስለ ጅዳ ግን እስከ ጎባ ድረስ አወሩኝ። ልጃቸው የአንድ ቀን ፈቃድ አግኝታ ነበር። ተቃቅፈው አልቅሰዋል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ "ከስተሻል"፣ "አልከሳሁም" በሚል ተጣልተዋል። ማሩን መንገድ ዳር ቁጭ ብለው በጣታቸው እየጠለቁ በልተውታል።

እማማ ግን በዚያ አላበቁም። ማዳሟን ካላየሁ አልሄድም አሉ። ሄዱ። ዐረብኛ ከቁርኣን ውጭ አያውቁም፤ ሰላምታውን ግን ከነምርቃቱ፣ ከነሙሉ ዱዓው፣ በዚያ ጎባ ባሰለጠነው ድምፃቸው አወረዱት። ማዳሟ ቆማ አዳመጠቻቸው። ከዚያ በልጃቸው አስተርጓሚነት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፤ ልጅቷ ዓርብ ከሰዓት እንድታርፍ።

"ልጅቱ ልትተረጉመው አልፈለገችም" አሉኝ። "አፈረች። አስተርጉሚ፣ አለዚያ እኔ በእጄ አስረዳታለሁ አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"ተረጎመችው። ሴትየዋ አሰበች፣ አሰበችና እሺ አለች። እኔ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን አልኩ፤ ታይፒስት ነኝ። እሱን ግን ልጄ አልተረጎመችልኝም።"

ልጅቷ አሁን ዓርብ ከሰዓት ታርፋለች። ለዚህ ነው ዓርብ ጎባ ብሄድ የሚያናግረኝ የማላገኘው። ቤቱ ውስጥ ስልኩ ጮክ ብሎ ተከፍቷል፤ እናትና ልጅ ስለ ወጥ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ማግባት ይጨቃጨቃሉ፤ እማማ በእጃቸው ሻዩን ያመለክቱኛል። ራሴ ቀድቼ እጠጣለሁ። ብርጭቆውን አጥቤ አስቀምጥና ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ወደ ሮቤ እመለሳለሁ።